ስሙ ያልተነሣው ባለ ድቦ

ባየህ ድቦውን የገና ጾም እስኪገባ ድረስ ያቆየው ለነፍሱ ብሎ አይደለም። ሩዙ ከደረሰ ሰንብቷል። ራሱን ደፍቶ፣ አገዳው ቢጫ ሆኖ፣ እጨዱኝ እጨዱኝ እያለ ነው። ግራና ቀኝ ያለው የጎረቤት ማሳ ሁሉ ታጭዶ፣ ነዶው ተከምሮ፣ ከብት ተለቆበታል። የባየህ ሩዝ ብቻውን መሀል ሜዳ ቆሞ ቀርቷል። ከርብ ወንዝ ወዲህ ያለ ወፍ ሁሉ እዚያ ከትሞ ያለ ከልካይ ይበላል። በባየህ ቤት ያለ ከልካይ የሚበላ ፍጥረት ቢኖር ይኸው ወፍ ብቻ ነው።

ሚስቱ ታይቱ በየጧቱ ትጠይቀዋለች።

«ባየህ፣ ሩዙ መርገፍ ጀመረ እኮ።»

«ትንሽ ይድረቅ።»

«ከዚህ በላይ ምን ሁኖ ይድረቅ?»

«ደኅና አድርጎ ይድረቅ» ይላትና ወሬውን ይቀይራል።

ነገሩ የገባት የኅዳር ሚካኤል ባለፈ ማግስት ነው። ባየህ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ማጭድ እየሳለ ለብቻው ፈገግ ሲል አየችው። ባየህ ለብቻው ፈገግ ካለ ከቤቱ አንድ ነገር ሊቀር ነው ማለት ነው፤ ወይ ቅቤ፣ ወይ በርበሬ፣ ወይ እንግዳ።

«ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን ድቦ እጠራለሁ» አላት።

ታይቱ ነገሩን በሆዷ አገላበጠችው። ድቦ ማለት ጎረቤት ሁሉ ማጭዱን ይዞ መጥቶ የአንዱን ሰው ማሳ በአንድ ቀን የሚያጭድበት ሥራ ነው። ዋጋው ማብላት ነው። በግ ይታረዳል፣ ቅቤ ይነጠራል፣ ከጧት ጀምሮ ጠላ ይቀዳል። በጾም ግን በግ የለም። ቅቤ የለም። ቅዳሴ እስኪወጣ ድረስ ጾመኛ ጉሮሮውን ስለማያረጥብ ቁርስም የለም፣ የጧት ጠላም የለም። የሚቀረው ሽሮ ነው፤ ሽሮ ደግሞ ውኃ በጨመሩበት ቁጥር ይበዛል። ሰውዬው ይህን ሁሉ አስቦ፣ አስልቶ፣ የደረሰ ሩዝ በወፍ አስበልቶ ጾም ሲጠብቅ ነበር።

«እነ መሐመድዘይንስ?» አለችው። «እስላሞቹ ይኸን ጾም አይጾሙ። ለእነሱ እንኳ አንድ በግ ማለት ደንብ ነው።»

«እነሱ ሽሮ ይወዳሉ» አለ ባየህ።

እውነቱን ለመናገር ሰሞኑን በባየህ ላይ የታየው መንፈሳዊነት ሰፈሩን ሳያስገርም አልቀረም። ስለ ጾም ያወራል፣ ስለ ትዕግሥት ያወራል። አንዳንዱ «ሰውዬው ጣራ ገዳም ገብቶ ሊመነኩስ ነው እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሌላው «ምን ሊያደርግ? ቆሎ እንደ ሆነ እቤቱም እየበላ ነው» ብሎ ይመልሳል።

ታይቱ ኩርፊያ የምታውቅ ሴት አይደለችም። ሳቂታ ናት፤ ከባየህ ጋር ይህን ሁሉ ዘመን የኖረችውም በሳቋ ነው። ወጡ ጨው ቢያጣ ትስቃለች፣ ኩራዙ ሳይመሽ ቢጠፋ በጨለማ ቁጭ ብላ ትስቃለች። የጎተራ ቤቱ ቁልፍ በባሏ ወገብ ላይ በገመድ ታስሮ ሲውል ሲያድር፣ የቀኑን ዱቄት በቅል ሲሰፍርላት፣ እሱንም በሳቅ አልፋዋለች። አንድ ነገር ብቻ አላሳቃትም። ሁለት ዓመት ሆነው፣ ባየህ ባለፈው ድቦ ሰዉን በቀጭን ሽሮ ከሸኘ ወዲህ፣ ደጇን የረገጠ ጎረቤት የለም። አልተቀየሟትም። ገበያ ላይ ይስሟታል፣ ሠርግ ይጠሯታል፣ ልቅሶ ላይ አጠገባቸው ያስቀምጧታል። ቤቷ ግን አይገቡም፤ ቢገቡ የምታቀርበው አጥታ እንዳታፍርባቸው ያዝኑላታል። ሰው አዝኖላት ቤቷን ሲዘልለው ታይቱን እንደ እሳት ያቃጥላታል። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለወረታ ከተማዋ ባለ ሱቅ ለጓደኛዋ ለሀቢባ በቀር።

«ዘንድሮም በሽሮ ከሸኛቸው አለቀልኝ» ብላታለች። «እኔ ብሞት እንኳ ሬሳዬን ከደጅ ነው የሚያነሡት፤ ማን ይገባል?»

«አንቺ አትሞቺም» አለች ሀቢባ። «ለከፈን ማን ያወጣልሽና?»

ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ። ታይቱ ግን ሳቋን ስትጨርስ ልቧ እዚያው ነበር።

ባየህም የሚፈራው ነገር ነበረው፤ የአያልነህን አፍ። አያልነህ ቀጭን፣ መለሎ፣ እርሻው ትንሽ፣ ድምፁ ግን ከዚህ እስከ ሐሙሲት የሚሰማ ሰው ነው። በድቦ ላይ ዘፈን የሚያወርደው እሱ ነው፤ አጫጁ ይቀበለዋል። በዚያ አገር ደንብ ደግሞ ድቦ የጠራ ሰው ሁለት ነገር መቻል አለበት፤ ማብላትና መስማት። አውራጁ ባለ ድቦውን ቢያሞግስም ቢዘልፍም ባለ ድቦው ስቆ ያልፋል። የተቆጣ እንደ ሆነ አጫጁ ማጭዱን ጥሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ማንም አይፈርድለትም። ባለፈው ድቦ አያልነህ ስለ ባየህ ሽሮ የዘፈነው ዘፈን በባጃጅ ተሳፍሮ ሳምንት ሳይሞላው ሐሙሲት ገባ። ባየህ እዚያ በሬ ሊሸጥ ቢወጣ ገዢው የበሬውን ጥርስ እያየ ሲያንጎራጉረው ሰማው።

ስለዚህ ዘንድሮ ቀድሞ አሰበበት። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ አያልነህን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ በቄስ ይርዳው ፊት አቆመው።

«ስሜን በዘፈን እንዳታነሣ ቃል ስጠኝ።»

«ስምህን አላነሣም» አለ አያልነህ።

«እኔን የሚመለከት ነገር፣ ሥራዬን፣ ጠባዬን…»

«አንተን አልነካም። ክፉም አልልህ፣ ደግም አልልህ።»

ባየህ ትንሽ አሰበ። «ደግ ብትለኝስ ግድ የለም።»

«አይ፣ ቃል ከሰጡ አይቀር ሙሉውን ነው» አለ አያልነህ። «ደጉንም ትቸዋለሁ።»

ቄስ ይርዳው ሳላቸው የመጣ አስመስለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ባየህ ግን ቀልሎት ወደ ቤቱ ገባ። ለታይቱ ሲነግራትም እንደ ትልቅ ገበያ ነበር የነገራት። አንዲት ሳንቲም ሳያወጣ የአያልነህን አፍ ገዝቷል።

በድቦው ቀን ሰዉ መጣ። ታይቱ አይመጡም ብላ ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ ነበር፤ ጎሕ ሲቀድ ግን በየአቅጣጫው ማጭድ የያዘ ሰው በጤዛው መሀል ሲመጣ አየች። ድቦ ተጠርቶ የሚቀር ሰው የለም፤ ንፉግ ቢጠራውም ደንብ ደንብ ነው። እነ መሐመድዘይንም መጡ። መሐመድዘይን የሀቢባ ልጅ ነው፤ ማሳቸው ከባየህ ማሳ ጋር ድንበርተኛ ስለ ሆነ እናቱ በከተማ ስትነግድ እሱ ያርሳል። ሀቢባም ሱቋን ዘግታ በባጃጅ ደረሰች።

«በሬዲዮ ዝናብ አለ ብለዋል» አለች ከባጃጁ ሳትወርድ። «በኅዳር ዝናብ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?»

በጣና በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። የደረሰ ሩዝ ላይ ዝናብ ከወረደ ዘለላው ይረግፋል፣ የቀረው ጭቃ ላይ ይተኛል። ባየህ ሰማዩን አየ፣ ሩዙን አየ፤ ከዚያ ሰዉ ሁሉ ባዶ ሆዱን ሥራ ሲጀምር አየና ተጽናና።

አያልነህ ማጭዱን ከሩዙ እግር አስገብቶ ዘፈኑን ጀመረ። መጀመሪያ ምድሩን አሞገሰ። ቀጥሎ የፎገራን ላሞች፣ ቀንዳቸውን፣ ወተታቸውን አሞገሰ። ታይቱ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ እየተከተለች ነዶ ታስራለች። ባየህ ደግሞ ከሁሉ ኋላ እየሄደ የረገፈች ዘለላ በኩታው ጫፍ ይለቅማል። ፀሐይ ከፍ ማለት ስትጀምር አያልነህ ድምፁን ለወጠና የባየህን ውሻ አነሣ። ውሻው ማሳው ዳር ተኝቶ ነበር።

«ሰው ሲመጣ ውሻው ጅራቱን የቆላ፣
እንግዳ ካልመጣ እሱም ስለማይበላ።»

አጫጁ ዘፈኑን ሲቀበል ሳቁ ከመሀሉ አመለጠ። ታይቱ ያሰረችው ነዶ ከእጇ ወደቀ። ውሻው እውነትም የማይጮህ ውሻ ነው፤ የመጣውን ሁሉ እየላሰ ወደ ቤት የሚያስገባ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ግን ባየህ ነው።

«ይኸ ውሻ እንደ እሱ ያለ ሆዳም አይቼ አላውቅም» አለ እንባውን እየጠረገ።

አያልነህ ባለ ድቦው ደስ እንዳለው አይቶ ቀጠለ።

«ድመቷ ከተማ ሀቢባ ቤት ገባች፣
እዚህ ቤት አይጥ እንኳ ከስቶባት ተከፋች።»

ባየህ ለቀማውን አቁሞ ወደ ሀቢባ ዞረ። «ድመቴ አንቺ ዘንድ ናት እንዴ? እኔ ጅብ በላት ብዬ ትቻት።»

«ደልባለች» አለች ሀቢባ። «ልመልስልህ ብል እንኳ እሷ እሺ አትልም።»

«እዚያው ትሁን» አለ ባየህ። ድመት ሌላ ቤት መብላቷ ለእሱ ኪሣራ አልነበረም።

«አይጧም ቢርባት ጊዜ ጎተራ ብትገባ፣
ቁልፉን አየችና አፈሰሰች እንባ።»

በዚህኛውማ ባየህ ኮራ። ወገቡ ላይ የታሰረውን ቁልፍ መታ መታ አድርጎ፣ አጠገቡ ላለው ለመሐመድዘይን፣ «ደኅና ቁልፍ ነው፤ ከባሕር ዳር ነው ያመጣሁት» አለው።

«ያስታውቃል አያ ባየህ» አለ መሐመድዘይን ከንፈሩን ነክሶ። ጓደኞቹ ጎንበስ ብለው በጣም በትጋት ማጨድ ያዙ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

እንግዲህ አያልነህን በምን ትይዘዋለህ? ቃሉን ጠብቋል። የባየህን ስም አላነሣም፣ አንድም ክፉ አልወጣውም። ውሻ ዘፈነ፣ ድመት ዘፈነ፣ አይጥ ዘፈነ። ሰዉም ባዶ ሆዱን እንደ ሆነ ረስቶ ማሳውን ይግጠው ጀመር። ታይቱ ጎኗን ይዛ እየሳቀች፣ «ይኸ ቀን ባይመሽ» ብላ ተመኘች። እንደዚያ ያለ ደስታ ከቤቷ ማሳ ላይ ካየች ስንት ዘመኗ ነው። ሁሉም ጎረቤት አለ፣ ሁሉም ይስቃል፤ ብቻ የሚስቁት በማን እንደ ሆነ አንድ ሰው አልገባውም።

ከዚያ አያልነህ ቀና ብሎ ነዶ የምታስረዋን ታይቱን አያት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሳይቀልድ፣

«እጇ መስጠት ያውቃል ልቧም አይሰስትም፣
ቁልፉ ካልመጣ ግን ጎተራ አይከፈትም» አለ።

አጫጁ ሲቀበለው ሳቅ አልነበረበትም። ታይቱ የያዘችውን ነዶ ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። ውሻውም ድመቷም ሲዘፈኑ እንደ ሌላው ሰው ስቃለች፤ የእሷ ተራ ሲደርስ ግን ነዶውን ማሰሩን ረሳች። ስለ እሷ ሰው ይህን ያውቅ ነበር ማለት ነው። እጇን ያውቁት ነበር። አፈረችም፣ ደስም አላት፤ ሁለቱ አንድ ላይ መጥተው አስለቀሷት።

ባየህ ሊስቅ አፉን ከፍቶ ነበር። የሚስቅ ሌላ ሰው ሲያጣ ዙሪያውን አየ። ሰዉ የሚያየው ወገቡን ነው። እጁም ሳያስበው ቁልፉን ጨብጧል። ያን ጊዜ ነው በሐሳቡ ወደ ኋላ የተመለሰው። ውሻው የማን ውሻ ነው? ድመቷ ከማን ቤት ጠፋች? አይጧ በማን ቁልፍ አለቀሰች? ስሙ አንድም ቦታ አልተነሣም፤ እሱ የሌለበት ዘፈን ግን አንድም አልነበረም። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። አያልነህን ሊናገረው አንድ እርምጃ ተራመደ፤ አጫጁም ማጭዱን ያዝ አድርጎ ይጠብቀው ነበር። ከጣና በኩል ነጎድጓድ አጉረመረመ። የባየህ ሩዝ ገና ግማሹ አልታጨደም።

«ምሳውን ልየው» ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ቅዳሴ ወጣ፣ ምሳ መጣ። ቄስ ይርዳው ከቤተ ክርስቲያን መጥተው ባርከው ቆረሱ። እነ መሐመድዘይን ምንም እንኳ ባይጾሙ፣ ሰው ሳይበላ አንበላም ብለው ከጧት ጀምሮ አብረው ውለዋል። ሽሮው ቀርቦ ሁሉም ወደ ሳህኑ ተመለከተ። ባየህ የሰፈረው ሽሮ ነበር፤ እንጀራውን ቢነክሩት መታጠቡን እንጂ ወጥ መንካቱን አያውቅም። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። መሐመድዘይን እንዲያውም «ለእኛም ሽሮ ሽሮ ነው እታታ ታይቱ፣ እጅሽ ይባረክ» አለ። በሉ፣ ተመስገን አሉ፣ ተነሡ። ከዚያ አንዱ ማጭዱን ወገቡ ላይ ሻጠ። ሌላው ሻጠ። ሦስተኛው ሻጠ።

ምሳ ከበላ በኋላ ማጭዱን ወገቡ ላይ የሻጠ አጫጅ ወደ ቤቱ ነው። ለዚህ ማስረዳት አያስፈልግም። ድቦ ተጠርተው መጥተዋል፣ የበሉትን ያህል ሠርተዋል፤ ቀሪው የዝናቡ ነው።

ታይቱ የባዶውን ሳህን ክምር እንደ ያዘች ቆማ አየቻቸው። ሩዙ አላሳዘናትም። ሩዝስ ከርሞም ይበቅላል። እነዚህ ሰዎች ግን ዛሬ ከሄዱ፣ እንዲህ አዝነውላት፣ ሽሮዋን እጅሽ ይባረክ ብለው ከሄዱ፣ በሕይወት እስካለች ደጇን አይረግጡም። ወደ ጎተራ ቤቱ ብትሮጥ በሩ ተዘግቷል፣ ባየህ ቁልፉን ይዞ ውስጥ ተቀምጧል። እጇ ላይ ምንም የላትም። አፏ ብቻ ነው ያላት። ቃል የሰጠውም አያልነህ እንጂ እሷ አይደለችም።

ሳህኑን ሣሩ ላይ አስቀመጠችና የተጣለ ማጭድ አነሣች። ሩዙ ውስጥ ገባች። ጎንበስ ብላ አንድ እፍኝ አጨደችና ዘፈን አወረደች፤

«ባየህ የኔ ጌታ ቁልፉን ይዘህ ናልኝ፣
ከእህልህ በፊት ሰው ቤቴን ይሙላልኝ።»

መጀመሪያ ድምፁ ከማን እንደ ወጣ የገባው ሰው አልነበረም። ታይቱ ዘፈን ካወረደች ልጅነቷ ነው። በዚያ አገር ደግሞ በባሏ ድቦ ላይ በባሏ የዘፈነች ሚስት ታይታ አትታወቅም። ቄስ ይርዳው እንኳ ጽዋቸውን ከአፋቸው አወረዱ። ታይቱ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው። ያን ጊዜ ሀቢባ እልልታዋን ለቀቀችው፤ አያልነህ ማጭዱን ከወገቡ መዘዘና ከታይቱ ጎን ገብቶ በዚያ እስከ ሐሙሲት በሚሰማ ድምፁ ተቀበላት። እሱ ተቀበለ እንጂ አላወረደም፤ መቀበል ስም ማንሣት አይደለም። ቀጥሎ መሐመድዘይን ገባ፣ ቀጥሎ ጓደኞቹ፣ ቀጥሎ ሁሉም። ከዚያ በኋላ ሜዳው በሙሉ በአንድ አፍ ባየህ የኔ ጌታ ይል ጀመር። ጢማም ገበሬ ሁሉ ባየህን የኔ ጌታ ሲል መስማት እንዴት ደስ እንደሚል ያልሰማው አያውቀውም።

ባየህ ጎተራ ቤቱ ውስጥ ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ስሙን ሰማ። ስሙ እንዳይነሣ ያን ያህል ተደራድሮ፣ ቄስ አስመስክሮ፣ ይኸው ከነሙሉ ክብሩ በሜዳው ላይ ይጠራል። ከሁሉ ቀድሞ የሚጠራው ድምፅ ግን የታይቱ ነው። ባየህ ያንን ድምፅ ያውቀዋል። ጎረምሳ ሳለ በአንድ አረም ድቦ ላይ ይህን ድምፅ ሰምቶ፣ የማን ልጅ ናት ብሎ ጠይቆ፣ ሽማግሌ የላከው ለዚህ ድምፅ ነበር። ቤቱ ካስገባት ወዲህ ግን አንድ ቀን ሰምቶት አያውቅም። ቆልፎበት ኖሯል ማለት ነው።

ሰዉ ባየህን ሲወጣ ያየው በጓሮ በኩል ነው። በአንድ እጁ ወገቡን ይዟል፣ በሌላው በግ ይጎትታል። ለገና ገበያ ያደልበው የነበረ በግ ነው፤ በጉ ራሱ ከባየህ ይልቅ በደስታ ይራመድ ነበር። ባየህ ማንንም ሳያይ ገመዱን ለመሐመድዘይን ሰጠው።

«እናንተ አትጾሙ» አለው። «እረዱት።»

«አያ ባየህ፣ ይኸ እኮ ለገና ብለው ያስቀመጡት ነው።»

«ሳልጸጸት ቶሎ በለው።»

መሐመድዘይን በጉን ይዞ እየሮጠ ሄደ። ባየህ ወደ ታይቱ ተጠጋና ቁልፉን ከወገቡ ሊፈታ ቋጠሮውን ያዘ። ቋጠሮው ከታሰረ ስንት ዘመኑ ነው፤ ላብና አቧራ አንድ አድርጎታል። በጥፍሩ ሞከረ፣ በጥርሱ ሊደርስበት ጎንበስ አለ፤ ሰዉ ቆሞ ይጠብቀዋል። በመጨረሻ አያልነህ ማጭዱን ዘረጋለት።

«ልቁረጥልህ?»

«ገመዱ ደኅና ገመድ ነው እኮ» አለ ባየህ። ቢሆንም ወገቡን ወደ ማጭዱ አስጠጋ።

ቁልፉን በታይቱ መዳፍ ላይ አኖረው። መዳፏን ዘግቶ እጇን ትንሽ ያዘው። እሷ ብቻ እንድትሰማው ዝቅ ብሎ፣ «ድምፅሽ እንዳለ ነው» አላት። ከዚያ እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ፣ «ስትከፍቺ በሩን ገርበብ አድርገሽ ይሁን» አለ። ታይቱ ግን ሩጣ ሄዳለች።

ባየህ ሲፈራው የነበረውን ዝናብ ፈርቶ ነው ቁልፉን የሰጠ የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ፈርቷል። ነገር ግን ዝናብ የፈራ ሰው ተመልሶ አጫጅ መሀል ገብቶ ራሱ ዘፈን አይቀበልም። ባየህ ተቀበለ። የራሱን ስም እየጠራ፣ ዜማው እየሳተበት፣ ጎንበስ ቀና እያለ አጨደ።

ታይቱ ጎተራ ቤቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ገርበብ የሚል በር ከዚያ ቀን ወዲህ አልነበራትም። ምስር አወጣች፣ ሱፍ አወጣች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ባየህ ለማንም ሳይነግር ያስቀመጠውን ማር አወጣች። ሀቢባና ሴቶቹ እሳት አቀጣጠሉ፤ በአንድ ወገን የጾመኛው ወጥ ይንተከተካል፣ በሌላ ወገን እነ መሐመድዘይን በጉን ይገነጥላሉ። ሽታው ወደ ማሳው ሲወርድ አጫጁ እጁ ፈጠነ። የመጨረሻው ነዶ ወደ ክምሩ ወጥቶ ሸራ ሲለብስ የመጀመሪያዋ ጠብታ በአያልነህ አፍንጫ ላይ አረፈች።

ከዚያ ዝናቡ ወረደ። ሰዉ ማጭዱን በራሱ ላይ ይዞ ወደ ባየህ ቤት ሮጠ። ማንም ልግባ አላለ፣ ማንም ግቡ አላለ። ገቡ። በጭቃ እግራቸው ገቡ፣ እየሳቁ፣ እየተገፋፉ፣ ቄስ ይርዳው ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ሀቢባ የበጉን ጥብስ በራሷ ላይ ተሸክማ። ምድጃው ዙሪያ ተቀመጡ፣ መደቡ ላይ ተቀመጡ፣ ሲሞላ አልጋው ላይ ተቀመጡ። የቀሩት ቆሙ። ውስጥ የሚጣፍጥ ነገር ያለ መሆኑን ከጫጫታው መለየት ይቻል ነበር።

ታይቱ የመጨረሻውን የምስር ድስት ይዛ ከማድቤቱ መጣችና በሩ ላይ ቆመች። የሰው ጀርባ በሩን ዘግቶታል። ከመሀል ባየህ «ወዲያ ጠጋ በሉ እንጂ» ሲል ይሰማታል፤ የሚጠጋ ቦታ ግን የለም። አንዱ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ድስቱን ተቀበላትና በሰው ራስ ላይ ወደ ውስጥ አሳለፈው። እሷን ማሳለፍ ግን አልቻለም።

«እታታ ታይቱ፣ ዝናብ እየመታሽ ነው እኮ» አላት አፍሮ።

«ተወው» አለች።

ዝናቡ ከክዳኑ እየተንጠባጠበ በትከሻዋ ላይ ይወርዳል። ቤቷ ሞልቶ ለእሷ ቦታ አጥታ፣ ታይቱ ደጅ ቆማ ትስቅ ነበር።